የኅብረት ስምምነት ሊያበቃ አራት ወር ሲቀረው፦ መተማመን ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ — ከጠባሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ 240 ያህል ሠራተኛ ያለው፣ በሦስት ሺፍት የሚሠራ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንውሰድ። ሠራተኛ ማኅበር አለው፤ የኅብረት ስምምነቱ (ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የተፈራረሙት ውል) የሚያበቃው ከአራት ወር በኋላ ነው። ማኅበሩ ኑሮ ተወደደ ብሎ ጭማሪ ይጠይቃል። ማኔጅመንቱ ደግሞ የክሩ፣ የቀለሙና የመለዋወጫው ዋጋ አናት ላይ ወጣ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን ቁጥር አያምንም። በዚህ መሃል ማሽን የለመዱ ልጆች በየወሩ እየለቀቁ ይሄዳሉ።

አካባቢያችን የደረሰበትን ታውቃላችሁ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ መጣ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን አጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል) ተቋረጠ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በየስብሰባው «ኢኮኖሚው እንዲያገግም አሠሪና ሠራተኛ መተማመን አለባቸው» ይባላል፤ እንዴት እንደሆነ ግን የሚያስረዳ አላገኘሁም። መተማመን በየትኛው በር ነው ኢኮኖሚ ውስጥ የሚገባው? በሌላ አገር የሠራው ምን ተፈርሞበት ነው? ለዚህ ፋብሪካስ በአራት ወር ውስጥ ከየት ይጀመር?

መልስ 1 — የሒሳብ ክፍል

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የመጀመሪያውም ጥያቄ የሚመለሰው እዚያው ነው።

መተማመን ፈስሶ የሚያልቀው ከፔሮል (የደመወዝ መክፈያ) ወረቀት ላይ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ 4,800 ብር የሆነ ሠራተኛ እንያዝ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለማስላት መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ሒሳብ ሠሪ 30 ቀንን በ8 ሰዓት አባዝቶ ለ240 ያካፍላል፤ ሰዓቱ 20 ብር ይሆናል። ሌላው የወሩን የሥራ ቀን 26 አድርጎ ለ208 ያካፍላል፤ ሰዓቱ 23.08 ብር ይወጣል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት 2,496 ሰዓት፣ በወር 208 ሰዓት ስለሚሆን ሁለተኛው ነው ከትክክለኛው የሥራ ሰዓት ጋር የሚገጥመው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ማባዣውን እንጂ አካፋዩን በቁጥር አላስቀመጠም፤ ጭቅጭቁ የሚነሣውም ከዚህ ክፍተት ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ቀላሉን 1.5 ብንወስድ በአንዱ ሒሳብ 30 ብር፣ በሌላው 34.62 ብር ነው። በወር 24 ሰዓት ትርፍ የሠራ ሰው 110 ብር ከ77 ሳንቲም ይጎድልበታል። 240 ሰው ሲሆን በወር ወደ 26,600 ብር ነው። ሠራተኛው ደግሞ 110 ብሩን አስልቶ አያገኘውም፤ የሚያውቀው «የሠራሁት ሌላ፣ የደረሰኝ ሌላ» የሚለውን ብቻ ነው። እንዲህ እያለ ወሩን የጨረሰ ሰው ማኔጅመንቱ «የክር ዋጋ እጥፍ ሆነ» ሲለው እንዴት ይመነው?

ስለዚህ ስለ ጭማሪው ከመነጋገራችሁ በፊት በመጀመሪያው ወር ይህን ጨርሱ። አካፋዩ በኅብረት ስምምነቱ ረቂቅ ላይ በቁጥር ይጻፍ። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ብዛት በየዓይነቱ፣ የተባዛበት ቁጥር፣ ግብር፣ ጡረታና የማኅበር መዋጮ ለየብቻቸው ይታዩ። ከዚያ ካለፉት ሦስት ወራት ውስጥ የ20 ሠራተኞችን ፔሮል በዕጣ አውጥታችሁ፣ ማኅበሩ አንድ ሰው፣ ሒሳብ ክፍሉ አንድ ሰው መድቦ አብረው ያስሉት። ስሕተት ከተገኘ ልዩነቱ በሚቀጥለው ደመወዝ ይከፈል። ዕጣውን ማኔጅመንቱ ብቻውን ካወጣው ግን ሥራው ከንቱ ነው፤ ማንም አያምነውም።

አሁን ወደ ኢኮኖሚው። አዲስ ኦፕሬተር የ60 የሥራ ቀን ሙከራ አለው። በእነዚያ ሁለት ወራት በአማካይ የነባሩን ግማሽ ያመርታል ብንል፣ በለቀቀ ሰው ቁጥር የአንድ ሰው የአንድ ወር ምርት ይቀልጣል ማለት ነው። በወር 10 ሰው የሚለቅበት ፋብሪካ ሁልጊዜ 10 ሰው ያህል ባዶ ይሠራል፤ ከ240 ላይ 4 በመቶ መሆኑ ነው። ብላሹና የማሽን ጉዳቱ ገና አልተቆጠረም። ለውጭ ገበያ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ዘግይቶ ጅቡቲ ላይ መርከቡ ያመልጠዋል፤ ያመለጠውን በአውሮፕላን መላክ ይመጣና ትርፉን ጠራርጎ ይበላዋል፤ ደንበኛውም ቀጣዩን ትእዛዝ ለሌላ አገር ይሰጣል። አገር ዶላር የምታጣው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ መተማመን የሚገባበት በር ብዙ አይደለም፤ ሰው ሥራው ላይ መቆየቱ፣ ማሽኑ አለመቆሙ፣ ቀጠሮው መከበሩ ነው።

መልስ 2 — አንቀጽ በአንቀጽ

የሒሳብ ክፍል የጻፉትን እደግፋለሁ። ቀኖቹን ልጨምር፤ ቀን ያለፈበት ድርድር ብዙ መተማመን ያበላሻል።

አራት ወር ቀረው ብለዋል። አዋጁ ስምምነቱ ከማብቃቱ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ድርድር እንዲጀመር ያዛል። እንግዲህ ለዝግጅት ያላችሁ አንድ ወር ብቻ ነው። ስምምነቱ ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ አዲሱ ካልተጠናቀቀ ደግሞ ስለ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ያሉት ድንጋጌዎች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። ይህን የማያውቅ ማኅበር ሰዓቱ ለማን እየሠራ እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቅ ማኔጅመንት ደግሞ እያጓተተ ሊጠብቅ ይችላል። ያንን ያደረገ ማኔጅመንት በሚቀጥለው ዙር የሚያገኘው ማኅበር ከዛሬው የከረረ ነው፤ ለራሱም አይበጀውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ፈላጊው ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከነረቂቁ ያቀርባል። ተቀባዩ በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር ይቀርባል። ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታቸው በፊት የድርድር ሥነ ሥርዓት ደንብ ይጽፋሉ፤ ሁለቱም በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለባቸው። ደንቡን ብዙዎች እንደ ወግ ቆጥረው በአንድ ገጽ ያልፉታል። ቤቱ የሚቆመው ግን በዚያ መሠረት ላይ ነው። ቢያንስ እነዚህ ይጻፉበት፦ ከየወገኑ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፤ የመፈረም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ (በየነጥቡ «አለቃ ልጠይቅ» የሚል ተደራዳሪ ሁሉንም ያሰለቻል)፤ ተደራዳሪ ሠራተኛ በስብሰባ ላይ ያለበት ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት መቆጠሩ፤ ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ተነብቦ በሁለቱም መፈረሙ፤ ያልተስማሙበት ነጥብ ወደ ጎን ተቀምጦ በስንተኛው ቀን እንደሚመለስ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ካልተግባቡ አስማሚ አለ። አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ካላስታረቀ ሪፖርቱን ያቀርባል፤ ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። ሥራ ማቆም የመጨረሻው መንገድ ነው፤ የራሱ ደረጃም አለው፦ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት፤ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያም ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ይሰጣል። ከፊርማ በኋላ ስምምነቱን ለምዝገባ መላክ አትርሱ። ጊዜው ካልተወሰነ በቀር ሦስት ዓመት ይጸናል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ከአጎዋው መቋረጥ በኋላ እንደታየው ትእዛዝ ድንገት ሲቀር፣ አሠሪው መጀመሪያ የሚያስበው ሰው መቀነስን ነው። አዋጁ ከዚያ በፊት የሚሞከር መንገድ አለው፦ ባልታሰበ ችግር የሥራ ውልን እስከ 90 ቀን ማገድ፤ ይህም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ተገልጾ ነው። ቅነሳ ከመጣ ደግሞ አንቀጽ 29 ከማኅበሩ ጋር መመካከርን ያዛል፤ ቅድሚያ ሥራቸው ላይ የሚቆዩትም የተሻለ ሙያና ከፍ ያለ የምርት ውጤት ያላቸው ናቸው። «ከፍ ያለ ምርት» የሚለካው በምን መዝገብ ነው? መዝገቡ ችግር ከመምጣቱ በፊት ካልተያዘ፣ በቅነሳው ቀን የሚወጣው ዝርዝር የዘመድ ዝርዝር ነው ይባላል፤ ባይሆንም እንኳ ይባላል።

መልስ 3 — እንዋሪ

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ በሌላ አገር የሠራውን፣ ልሞክር፤ የሌላ አገር ልምድ እንደ ቅዱስ ታሪክ ብቻ ሲጠቀስ ቅር ስለሚለኝ።

በኔዘርላንድስ አሠሪዎችና ሠራተኛ ማኅበራት እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1982 ዋሰናር በምትባል ከተማ ተፈራረሙ። የሠራተኛው ወገን ደመወዝ ከዋጋ ንረት ጋር ወዲያው እየተከተለ የሚጨምርበትን አሠራር ለመተው ተስማማ፤ የአሠሪው ወገን የሥራ ሰዓትን ለማሳጠር መንገድ ከፈተ። በኋላም በብዙ ዘርፍ የሳምንቱ ሰዓት ከ40 ወደ 38 ወረደ። ከጀርባ ደግሞ መንግሥት «ካልተስማማችሁ የደመወዝ ጭማሪን በሕግ አግዳለሁ» እያለ ነበር። ፍቅር ብቻ አልነበረም ያስማማቸው።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ሥራ አጡ ወደ 17 በመቶ ደርሶ፣ ዕዳው ጣሪያ ነክቶ ነበር። ጭማሪው በዓመት 2.5 በመቶ ገደማ እንዲሆን ለሦስት ዓመት ተስማሙ። ዝርዝሩን ግን እዩት፦ በሳምንት ደመወዝ የመጀመሪያው 120 ፓውንድ ላይ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 2 በመቶ። ዝቅተኛ ተከፋዩ ይበልጥ እንዲያገኝ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መንግሥትም በሦስት ዓመት 225 ሚሊዮን ፓውንድ የገቢ ግብር ቅናሽ ጨመረ። ሠራተኛው በጭማሪ ያጣውን በግብር ስላገኘ ኪሱ የገባው ገንዘብ አልቀነሰም። የዚያ ዓይነት ስምምነት እየታደሰ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በፋይናንስ ቀውሱ መሃል ፈረሰ። ከዚህ የምወስደው፦ መንግሥት ጠረጴዛው ላይ የራሱን ድርሻ ካላስቀመጠ «ሠራተኛው ይታገሥ» ብቻ ነው የሚቀረው። እኛ ጋ በ2017 የገቢ ግብር የማይከፈልበት ወለል ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል የተነካው ይኸው ቁልፍ ነው።

ባርቤዶስ ለእኛ ይበልጥ ትቀርባለች፤ በውጭ ምንዛሪ እጥረት የተያዘች ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሦስቱ ወገኖች (መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ) ደመወዝን ለሁለት ዓመት ገድበው፣ አሠሪዎች ሰው እንዳይበትኑ ተስማምተው፣ ገንዘባቸው ለአንድ ዶላር ሁለት እንደሆነ ቆየ። እኛ ተመኑን ለቀናል፤ ስለዚህ የእነሱን ውል መገልበጥ አንችልም። የእኛ ጥያቄ የዋጋው ጫና በማን ትከሻ ላይ ስንት ይውደቅ የሚለው ነው።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ የተሰናከለውን ታሳያለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 1998 ሦስቱ ወገኖች ፈረሙ፤ ቅነሳ በሕግ ተፈቀደ፣ በምትኩ የሥራ አጥ መድን ተስፋፋ። በቀናት ውስጥ የአንደኛው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተወካዮች ጉባኤ ስምምነቱን ውድቅ አደረገ፣ አመራሩም ለቀቀ። መሪዎቹ ከጠረጴዛው ሲነሡ አባላቱ አብረዋቸው አልነበሩም። በፋብሪካችሁም ይኸው ይደርሳል፦ የማኅበሩ ሊቀመንበር በረቂቅ ላይ ከመፈረሙ በፊት ለሦስቱም ሺፍት ለየብቻ ካላስረዳ፣ የሌሊት ሺፍቱ የሚሰማው ከወሬ ነው።

አገራችን የዚህ አሠራር ባዳ አይደለችም። የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ ስለ መደራጀትና ስለ ጋራ ድርድር የሚናገሩትን 87ኛውንና 98ኛውን ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1963 ተቀብላለች። በኮቪድ ጊዜ፣ ሚያዝያ 2012 በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሠራተኛ ማሰናበት ታግዶ ነበር። የሚያንገበግበኝ የደመወዝ ቦርዱ ነው። አንቀጽ 55 መንግሥት፣ ሠራተኛ ማኅበራትና ሌሎች ባለድርሻዎች የሚወከሉበት ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት እየከለሰ እንዲወስን ይላል። ለዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ። ወለል በሌለበት እያንዳንዱ ፋብሪካ ብቻውን ይደራደራል፤ ጥሩ የሚከፍለው አሠሪ ደግሞ በማይከፍለው ይቀደማል። አሠሪው ወገን ራሱ ይህን ወለል ቢጠይቅ ያዋጣዋል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ከጠባሴ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ አለ። መብራት ሲጠፋ የሚቆመው ሰዓት የማን ነው? የምርት ቦነስ ተጀምሮ ሁለት ጊዜ የፈረሰው በዚህ ነው።

መልስ 4 — ሽመና ክፍል

መልሱ አንቀጽ 54 ላይ አለ። ደመወዝ ለተሠራ ሥራ ነው፤ ግን ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ወይም በጥሬ ዕቃ መቋረጥ ወይም በእሱ ባልሆነ ምክንያት ካልሠራ ደመወዙ ይከፈለዋል። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ አይነካም። የሚያጣላው ቦነሱ ነው።

ቦነስ የሚፈርሰው በወር ምርት ብቻ ሲለካ ነው። በወር 40 ሰዓት መብራት ከጠፋ ሰው ምንም ቢተጋ ዒላማው ላይ አይደርስም፤ ሁለት ወር ይሞክርና ይተወዋል። መለኪያው ማሽኑ በሠራበት ሰዓት ይሁን። ለምሳሌ ሺፍቱ 8 ሰዓት ነው፤ መብራት 1 ሰዓት ከ30፣ ክር መጠበቅ 30 ደቂቃ ወሰደ። የቀረው 6 ሰዓት ነው። ዒላማው በሰዓት 12 ሜትር ከሆነ የዚያ ቀን ዒላማ 72 ሜትር እንጂ 96 አይደለም። 78 ሜትር ያወጣ ሰው 6 ሜትር ትርፍ አለው። ጥራቱ ያላለፈው ጨርቅ ይቀነሳል፤ ግን ብላሹ ከክሩ ጉድለት የመጣ ከሆነ አይቀነስም፤ ያንን የጥራት ተቆጣጣሪውና የሺፍቱ የማኅበር ተወካይ አብረው አይተው ይፈርሙ።

የቆመበት ሰዓት መዝገብ ማሽኑ አጠገብ ይንጠልጠል፤ ቢሮ ውስጥ አይቀመጥ። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የቆመበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ ምክንያት፣ የኦፕሬተሩ ፊርማ፣ የሱፐርቫይዘሩ ፊርማ። ምክንያቱ በኮድ ይጻፍ፤ 1 መብራት፣ 2 ክር፣ 3 ብልሽት፣ 4 ሰው የለም። «ሌላ» የሚል ኮድ አታስገቡ፤ አስገብታችሁ ከሆነ በወሩ መጨረሻ ግማሹ እዚያ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ። ሺፍት ሲቀያየር የሚገባው ሰው የወጪውን መዝገብ አይቶ ይረከብ፤ በማግሥቱ የሚሞላ መዝገብ ከግምት አያልፍም።

ጄኔሬተር ካለ ደግሞ የትኛው ማሽን ቀድሞ እንደሚነሣ አስቀድማችሁ ጻፉት። ሁልጊዜ አንድ መስመር ብቻ ከተነሣ የሌላው መስመር ሰዎች ቦነሱ ለእኛ አይደለም ይላሉ። በሳምንት እያፈራረቁ ማስነሣት ይቻላል፤ ሞቅ ብሎ መቆየት ያለበት የቀለም መንከሪያው ከሆነ ግን እሱ ከተራው ይውጣና ምክንያቱ ለሁሉም ይነገር።

መልስ 5 — ሸዋ ሮቢት

ስለ ትልልቅ ፋብሪካ ብቻ ተነገረ። ዞናችን ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው የሚያሠራው እንጨት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥና ብሎኬት ማምረቻ ይበዛል። ከ10 ሠራተኛ በታች ያለው ድርጅት ብቻውን ማኅበር ማቋቋም አይችልም፤ ግን የተለያዩ ድርጅቶች ሠራተኞች ተሰባስበው አባላቱ ከ10 ካላነሱ ጠቅላላ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ወንፈል የሚሠራው ሁሉም የማን ተራ እንደሆነ ስለሚያውቅና የአንዱ ቀን ከሌላው ቀን እኩል ስለሆነ ነው። አራት በሬ ያመጣው ሁለት በሬ ካመጣው ጋር ተራው ቢምታታ በዓመቱ ማንም አይወጣለትም። ብሎኬት ማምረቻ ላይም እንዲሁ ነው፦ በቁጥር የሚከፈል ከሆነ የተሰበረው ብሎኬት የማን እንደሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይነገር። ከቅርጹ ሲወጣ የፈረሰው የሠራተኛው፣ ውኃ እየጠጣ ባለበት ቀናት ውስጥ በሲሚንቶ ማነስ የተሰነጠቀው የአሠሪው ቢባል፣ ቆጠራው በሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንዱ በማግሥቱ ጠዋት፣ አንዱ በሰባተኛው ቀን። ሁለቱም ቆጠራ በአንድ ደብተር፣ ካርቦን ገብቶበት፣ አንዱ ቅጂ ለሠራተኞቹ ይሰጥ።